ከእርስዎ በፊት አልነሳም

ስንዱ ወደ ሥራ ስትገባ እንደ ልማዷ ባሏን በሣጥኑ መስታወት አሻግራ አየችው። አዝመራ እንደ መንገደኛው ሁሉ ተኝቷል፤ ጁፒተር እስኪደረስ አይነቃም። የጠፈር መርከቢቱን ነቅተው የሚጠብቁት እሷና አዛውንቱ መሐንዲስ ጋሼ ድንበሩ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ደክሟቸዋል፤ ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካም ነው።

ያን ቀን የተቃጠለውን የኃይል ሰሌዳ በአዲስ ቀይረው ኮምፒውተሩን ሊያስነሱት ሲሉ እምቢ አለ። ቀስቃሹ፣ ማለትም ዋናውን ሥርዓት የሚያነቃው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሥራውን ጨርሷል። ዋናው ሥርዓትም ነቅቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ቀጥ! አየርም የለ፣ ሙቀትም የለ። ሣጥኖቹ ከቀዘቀዙ ደግሞ የተኛው ሁሉ፣ አዝመራም ጭምር፣ በዚያው ቀረ ማለት ነው።

«የድሮውን ቅጂ ጫኚበታ» አሉ ጋሼ ድንበሩ።

«ጫንኩ እኮ! እሱም እዚያው ይገተራል።»

ሥርዓቱ ሲበላሽ በሚከፈተው የማዳኛ ገጽ ገብታ ፕሮግራሞቹ ሲነሱ የሚባባሉትን አነበበች። ሳቅም ለቅሶም መጣባት።

«ጋሼ፣ ኧረ ይዩልኝ! የአየር ፕሮግራሙ የሙቀቱን ‹ይቅደሙ› ይለዋል። ሙቀት ደግሞ ‹በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ› ይላል። በር ላይ ቆመው ቀሩ!»

የሠሯቸው ሰዎች በኃይል እንዳይሻሙ ብለው የአገር ቤት ጨዋነት አስተምረዋቸው ነበር። እስከዛሬ ሙቀት ትንሽ ስለሚዘገይ ችግር አልነበረም። አዲሱ ሰሌዳ ግን ሁለቱን እኩል በር ላይ አደረሳቸው።

«ወይ ጨዋነት! አንዱን ባለጌ አድርጊዋ።»

«አይሆንም። በማዳኛው ገጽ ደንብ መጨመር እንጂ መንቀል አይቻልም።»

ራሷን አዞራት፤ አየሩ እያለቀ ነው። ጋሼ ድንበሩ ያለውን አንድ የአየር ጭምብል አመጡ።

«አጥልቂ።»

«እርስዎ እያሉ? አላደርገውም!»

«ቁልፉን የምትነኪው አንቺ ነሽ።»

«እርስዎ ይቅደሙ አልኩ!»

«በሞቴ!»

ስንዱ ጭምብሉን ተቀበለች። በሞቴ ከተባለች በኋላ እምቢ ማለትን ማን አስተማራት? አጥልቃው አንዴ እንደተነፈሰች ነገሩ በራላት። ሠሪዎቹ ማሽኖቹን መጋበዝ አስተማሯቸው፤ ግብዣው የት ላይ እንደሚያበቃ የነገራቸው ግን የለም።

አዲስ ደንብ ጻፈች፦ «ሁለቴ እምቢ ከተባልክ ‹በሞቴ› በል። ‹በሞቴ› የተባለ ይግባ።» ጋሼ ድንበሩ በግድግዳው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ፣ እንዳይተኙብኝ!» ብላ ጮኸች። ማስነሻውን ተጫነችና ጭምብሉን አውልቃ ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው።

ገጹ ላይ አየር ጋበዘ፣ ሙቀት እምቢ አለ። አየር ደገመ፣ ሙቀትም ደገመ። ከዚያ አየር «በሞቴ» አለ፤ ሙቀትም ገባ። የአዝመራ ሣጥን መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎም የሌሎቹ። ትንሽ ቆይቶ ከጣሪያው አየር ይነፍስ ጀመር። ስንዱ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ጋሼ ድንበሩ ሲያስላቸው ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ገጹንም አነበቡ።

«ማነው በሞቴ ያለው?»

«አየር ነው።»

«ጉድ ነው! ሞት የሌለው ነገር በማን ሞት ነው የሚለምነው?»

ስንዱ ዓይኗን ከሣጥኖቹ አልነቀለችም።

«በእኛ ነዋ፣ ጋሼ። ሌላ ሞት ከየት ያመጣል?»