የሐሙሱ ፍቺ

ብርኽቲ ሐሙስ ዕለት ተፈትታ ቢሆን ኖሮ ገዳዩ በጭራሽ አይያዝም ነበር! ወይኔ፣ ዋናውን ነገር ዘረገፍኩት! ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና አልነገርኳችሁም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ በሰባ ሦስት። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ብር ሠሪው ገብረዮሐንስ ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ ፔርሙስ፣ ሻዩ ውስጥ ደግሞ ራሱ ወርቅ የሚያጥብበት መርዝ። ሻዩን ያፈላችው ማን ናት? ሚስቱ! ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተጋቡ ስድስት ወራቸው፣ ያውም ሊፋቱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻምበል ፍስሃ የሚባል መርማሪ እሪ በከንቱ ቤቷ ድረስ መጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ዓይኑን ግን ምንም አያመልጠውም። በሩ ጥግ የታሰረ ሻንጣዋን አየ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እናቴ ጋ። ነገ ሽማግሌዎች ሊያፋቱን ነበር።»

ጥግ ላይ የቆመው የሟች ታናሽ ወንድም በርሄ ሲጋራው ከእጁ ወደቀበት። የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ሲመለስ የሚያርፈው እዚሁ ቤት ነው።

«ነገ ብትፈቺ ይቺን የቀበሌ ቤት ለቀሽ ትወጪያለሽ» አለ ሻምበሉ። «ዛሬ ሲሞት ግን ሚስቱ ነሽ፣ ቤቱ ላንቺ ይቀራል። ሞቱ ፍቺውን በአንድ ቀን ቀደመ። አይገርምም?»

ብርኽቲ ወደ ሻንጣዋ ጠቆመች። «ቤቱን ብፈልግ ሻንጣዬን አስር ነበር?»

«እሷ ናት! ወንድሜን በላችው!» ብሎ ጮኸ በርሄ።

«አንተስ መቼ ገባህ?»

«ዛሬ አሥር ሰዓት። ሬሳው ላይ ነው የደረስኩት፣ ጓድ ሻምበል!»

ቅዳሜ ጠዋት ሻምበሉ ጋሽ ረሻድ ጋ ሄደ። ከሟቹ ሱቅ ጎን ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ናቸው።

«ቀጠሮው ሐሙስ ማታ ነበር» አሉ ጋሽ ረሻድ። «ምን ይደረግ፣ ቀበሌ ስብሰባ ጠራን! አዳራሽ ዘግተውብን መፈክር ስናሰማ አመሸን። ማን ደፍሮ ይወጣል? ለቅዳሜ አዛወርነው።»

«ዓርብ ስድስት ሰዓትስ?»

«እኔ ጁምዓ ነበርኩ። ገብረዮሐንስም ዘግቶ ጊዮርጊስ ሄደ። ዓርብ ሳይሳለም እህል ውሃ አይቀምስም።»

«የሱቁ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እሱና ወንድሙ ጋ።»

ለፍቺው በተቀጠረው ሰዓት ሁሉም ብርኽቲ ቤት ተሰበሰቡ። ሊያፋቱ የነበሩት ሽማግሌዎች ለቅሶ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች ካቴና ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ብርኽቲ ካቴናው ለሷ የመጣ መሰላት።

«ይህን ቤት የሚፈልግ ሌላ ሰውም አለ» ብሎ ጀመረ ሻምበሉ። «ሚስት ተፈትታ ከሄደች በኋላ ባልየው ቢሞት ቤቱ ለማን ነው? የቀበሌው የቤተሰብ መዝገብ ላይ ለሚቀረው፣ ለበርሄ።»

በርሄ ሳቀ። «አልተፈታችማ! እኔ ምን አገኛለሁ?»

«ልክ ነህ። ግን አለመፈታቷን ብርኽቲ ታውቃለች፣ ጋሽ ረሻድ ያውቃሉ። ሐሙስ እንደሚፋቱ ሰምተህ መንገድ ስለወጣህ፣ መዛወሩን ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ።» ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀበሌ የገባ ማመልከቻ ነው። ‹ወንድሜ ትናንት ሚስቱን ስለፈታ ስሟ ከቤተሰብ መዝገብ ይሰረዝልኝ።› ፊርማው ያንተ ነው። አሥር ሰዓት ነው የገባሁት አላልከኝም?»

የበርሄ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ሱቁ ሰው እንደሌለው አይተህ በቁልፍህ ገባህ፣ ፔርሙሱ ውስጥ መርዙን ጨመርክበት። ከወንድምህ ጋር አንዴ ብታወራ ኖሮ ቀኑ መዛወሩን ይነግርህ ነበር። ስትደበቀው ግን ሳትሰማ ቀረህ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ በሱ ቤት እንግዳ ሆኜ ኖርኩ!» አለ በርሄ። ይዘውት ወጡ።

ጋሽ ረሻድ አለቀሱ። «ልጄ፣ አይዞሽ። ቤቱ ያንቺ ነው።»

ብርኽቲ ግን ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበራት። ሐሙስ ማታ ሽማግሌዎቹ ቀርተው ቀኑ ለቅዳሜ መዛወሩ ሲነገራቸው፣ ለነሱ የቆላችውን ቆሎ ከገብረዮሐንስ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉት። በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ፣ ኧረ እስኪያማቸው! ከዚያ እሱ ቆሎውን እያየ «ቅዳሜም ስብሰባ ቢጠሩ ደስ ይለኛል» አላት። እሷ ግን ተነስታ ሻንጣዋን አሰረች።

አሁን ጎረቤቶቿ ጥቁር ቀሚስ ዘርግተው ልበሺ ይሏታል። ሻንጣው በሩ ጥግ እንደታሰረ ነው። እናንተ ብትሆኑ ጥቁሩን ትለብሱት ነበር? ሐሙስ ማታስ ምን ትሉት ነበር?