የቀነስኳት ቃል

አርብ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። በምሠራበት ክሊኒክ ዶክተር ማቴዎስ የክብሩን የደረት ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘ።

ክብሩን ያገኘሁት ከዚያ ስምንት ወር በፊት ነው፤ እዚያው፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ። እናቱን ለደም ግፊት ክትትል ሲያመጣቸው ካርዳቸው ጠፋብኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግሁ። ክብሩ አልተቆጣም፤ መስኮቱን ተደግፎ ጠበቀኝ።

«ግድ የለም፣ ወይዘሪት ካርድ። ነገም እመጣለሁ።»

«ተገኘ እኮ!»

«እሱማ ተገኘ። ነገ ደግሞ የኔን ትፈልጊያለሽ።»

መጣም። የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ማምሻውን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ሾርባ ስንጠጣ ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ አፉን ሲያቃጥለው ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። እኔ የምፈራው እናቱን፣ ወይዘሮ እታፈራሁን ነበር። «ጴንጤ አላገባም ብለህ ማልልኝ» ብለውታል። አልማለም። እሳቸውም ሩሀማ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ያቺ» ነበርኩ።

ሳሉ በጥቅምት ጀመረው። ደረቅ ሳል ነው። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሱ ግን ቆሞ ያስተምራል፤ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል። አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሳምንት ዋጠ፤ ምንም አልለወጠለትም። «የጠመኔ አቧራ ነው» እያለ አሾፈብኝ። በዚያ አርብ ጎትቼ አመጣሁት።

«ደረቱን ሳዳምጠው ይህን ያህል ነገር የለውም» አለኝ ዶክተር ማቴዎስ። «ራጁ ላይ ግን ሁለቱም ሳንባ ተነክቷል። የሳንባ ምች ነው፤ ግን ወጣቶችን የሚያታልለው ዓይነት። ይዘውት ይዞራሉ። አሞክሳሲሊን አይነካውም። ይህኛውን ኪኒን ዛሬውኑ ይጀምር፤ አንድ ቀን እንዳይዘል። ትንፋሽ ካጠረው በቀጥታ ሆስፒታል። ቤተሰቡን አስረጂልኝ።»

ክብሩ ሸሚዙን እየቆለፈ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ሳሉ አላናግር ስላለው ስልኩን አቀበለኝ።

«ልጄ፣ ምን አገኙበት?» አሉኝ።

ልጄ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድማቸው በሳንባ በሽታ እንደሞቱ ክብሩ ነግሮኛል። «ሳንባ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ምች ነው፣ እማማ። አይስጉ። መድኃኒትም ታዞለታል።»

«ተመስገን! ምች ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ምን አስቤ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ክብሩ ስንሳሳቅ ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሳሉ ይሁን ከደስታው አላውቅም።

ቅዳሜ ደወለልኝ። «እናቴ ዳማከሴ እየጨመቀች ታጠጣኛለች። ስላንቺ ደግሞ ሃያ ጊዜ ጠየቀችኝ። ያቺ ማለት ቀርቷል፤ ሩሀማ ሆነሻል።»

ስለ ኪኒኑ አልጠየቅሁትም። ደስታ አስረሳኝ።

ሰኞ ኅዳር 12፣ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ቀን ነበር። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ሰፈራቸው በጭስ ታፍኗል። «ነይና እይው» ብለው ወይዘሮ እታፈራሁ ራሳቸው ጠሩኝ። በሩን ሲከፍቱልኝ እጃቸው ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል።

ክብሩ ሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንድ ቃል ይናገርና ይተነፍሳል።

«ኪኒኑስ?» አልኩ።

ወይዘሮ እታፈራሁ ወደ ቡፌው አመለከቱኝ። እሽጉ አልተከፈተም። «አስቀመጥኩት፣ ልጄ። ምች ነው አልሽኝ አይደል? ምች ከኪኒን ጋር አይስማማም። የምች መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው።»

«ደስ... ይበላት ብዬ ነው» አለ ክብሩ። «ነገ... እጀምራለሁ።»

እሽጉን ከቡፌው አነሳሁ። ግን ቃሉን ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሁሉ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነበር።

«ወይዘሪት ካርድ» አለኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ።

«አቤት።»

«የኔን... እንዳታጠፊው።»

ካርድ አወጣሁለት፤ በእጄ ይዤው ገባሁ። ኦክስጅን ሰጡት፤ መድኃኒቱንም በደም ሥሩ ጀመሩለት። አርብ ኅዳር 16፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አረፈ።

በኋላ ዶክተር ማቴዎስን «አርብ ጀምሮት ቢሆን ይተርፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ራጁን ወደ ፖስታው እየመለሰ፣ «ምናልባት» አለኝ።

በአርባው ማግስት፣ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ወይዘሮ እታፈራሁ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎኝ ነበር። ሳንባ የሚለውን እኔ ነኝ የቀነስኩት። እንዳይደነግጡ ብዬ። እንዲወዱኝም ብዬ።»

እንዲጮሁብኝ ጠበቅሁ።

«አንቺ ቃል ደበቅሽ፤ እኔ ኪኒን ደበቅሁ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። ተነስተው ከአጥሩ ሥር ያለውን ዳማከሴ በእጃቸው ነቀሉት።

እኔ አሁንም እዚያው ካርድ ክፍል እሠራለሁ። የደም ግፊት ክትትላቸው በወር አንዴ ነው። ብቻቸውን ይመጣሉ፤ ካርዳቸውን እኔ አወጣላቸዋለሁ።