የንጋት ልኬት

ሽማግሌው የዓሣ ተመራማሪ በአራተኛው ኩሬ፣ ውሃው በሚለካበት የእንጨት መረማመጃ ሥር ሞተው ተገኙ። መቶ የሚሆኑ ዓሦችም ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ዙሪያቸውን ተንሳፍፈዋል። መርማሪው ረፋድ ላይ ሲደርስ አስከሬኑ ወጥቶ ሸራ ለብሶ ነበር።

«ማታ ቤታቸው ሳይገቡ ሲቀሩ የፈለጋቸው የለም?»

«ማን ይፈልጋቸዋል?» አለ የምርምር ጣቢያው ኃላፊ። «ብቻቸውን አይደል እንዴ የሚኖሩት!»

መርማሪውም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው።

ኃላፊው ወንጀለኛውን መርጦ ጨርሷል። የዓሦቹን መጋቢ፣ ሁሉም «አባ መኖ» የሚሉትን ጎልማሳ፣ በዘበኛ አስይዞታል። ሰውዬው ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ ለኩሬው አየር የሚሰጠው ሞተርም ጠፍቶ ተገኝቷል።

«ተጨቃጭቀሃል?»

«አዎ ጌታዬ። መኖ አበዛህ ብለው ጮኹብኝ፤ እኔም አፌ አያርፍም፣ መለስኩላቸው። ግን እኮ ሁሌም እንጨቃጨቃለን! ከእኔ ሌላ ማን ያወራቸው ነበር?» ሸራ ወደለበሰው አስከሬን ዞረ። «አራት ልጆች አሉኝ። እኔ ብታሰር ማን ያበላቸዋል?»

«ዓሦቹ በምን ሞቱ?»

«አየር አጥተው ነዋ። ሞተሩ ካልሠራ ሌሊት የውሃው አየር ያልቃል፤ ሊነጋ ሲል ነው የሚብሰው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስመጣ አብዛኞቹ አልቀዋል።»

«ሽማግሌው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሞተሩን ያጠፉ ነበር?»

«ሳያጠፉ? ኧረ እግራቸውንም ውሃ አያስነኩም! ኤሌክትሪክ ሲፈሩ ለጉድ ነው።»

መርማሪው የኩሬውን ዳር ዞረ። የሟቹ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ መነጽራቸውና ስልካቸው ከላዩ አሉ። ውሃው ውስጥ ባለው ሞተር ላይ መረብ ተጠምጥሟል፤ ግማሹ በቢላ ተቆርጧል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቁርጭምጭሚታቸው መሰበሩን፣ መዳፋቸው መላላጡን፣ ብርድ እንደገደላቸውና የሞቱትም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም እንደሆነ ነገረው።

ከዚያ የመለኪያ መዝገቡን ገለጠ። «ኩሬ አራት፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኦክስጅን ሰባት ነጥብ ስምንት» ይላል። የፈረመችው የሟቹ የእህት ልጅ፣ ረዳት ተመራማሪዋ ናት።

«ሰባት ነጥብ ስምንት ጥሩ ነው የኔ ልጅ?»

«በጣም ጥሩ ነው።» ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ስትለኪ አጎትሽን አላየሽም?»

«ጭጋግ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል።

መርማሪው ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ማንም አልገደላቸውም» ብሎ ጀመረ። «የተገፋ ሰው ጫማውን አውልቆ አያስተካክልም። ትናንት አመሻሽ ላይ መረቡን ሊያላቅቁ ገቡ፤ ሞተሩንም እንደ ልማዳቸው ራሳቸው አጠፉት። አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። ቢጮኹም የሌሎቹ ኩሬዎች ሞተር ድምፃቸውን ዋጠው።»

«ታዲያ ለምን አልወጡም?» አለ ኃላፊው።

«በአንድ እግር ያንን ጭቃ ማን ይወጣዋል? መረማመጃው ሥር ደርሰው ምሰሶውን አቀፉ። መዳፋቸው የተላላጠው በዚያ ነው። እዚያ ቦታ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊለካ የሚመጣ ሰው አለ፤ መዝገቡ እንዲያ ይላል። ከመረማመጃው ላይ ደግሞ እጅ ቢዘረጋ ይደረስባቸዋል፤ ጭጋግ አይጋርዳቸውም። ሞተሩ ጠፍቶ ዓሦቹ በአየር እጦት እያለቁ፣ ሰባት ነጥብ ስምንት ከየት መጣ? ይህ ቁጥር አልጋ ላይ የተጻፈ ነው።»

ሁሉም ወደ ረዳቷ ዞሩ። ወንበሩን ይዛ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

«ቁጥሩ ሁልጊዜ ያው ነበር እኮ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ብርዱ ደግሞ... ከሁለት ወር ወዲህ ሄጄ አላውቅም።»

ዘበኛው አባ መኖን ለቀቀው።

«አጎቴ ያውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ። «እንደማልሄድ ያውቅ ነበር?»

መርማሪው ሊያጽናናት የሚችል ውሸት ፈለገ፤ አጣ።

«ቢያውቁማ ኖሮ» አላት፣ «እስከ አንድ ሰዓት ባልጠበቁሽ ነበር።»