ሦስተኛው መስታወት

ሦስቱም ተሰብረዋል።

አዲሷ መሐንዲስ ሳሎን ግድግዳ ፊት ተንበርክካ የመጀመሪያውን አየች። ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አየች። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በባትሪ እያበራች ሦስተኛውን አየች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ደግ ነገር አልነበረም።

«እማማ፣ ሦስቱም ተሰብረዋል። ግድግዳው እየሄደ ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች አዋላጇ። «አርባ ዓመት እዚሁ ቆሞ ዛሬ ምን ታየው?»

መሐንዲሷ አልሳቀችም። ፋይሏን ገልጣ ጻፈች። አዋላጇ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ የሚጻፈው የቤቷ ሞት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ቤት ገዝቶ የሰፈሩ ማዋለጃ ሊያደርገው ተስማምቷል። ቤቱ ሁለት ያረጁ ስንጥቆች ስላሉበት ግን፣ ከሦስት ወር በፊት አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ መጥቶ ሦስት ስስ የመስታወት ቁራጮች በጄሶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ከሁሉ በፊት የሚሰበረው መስታወቱ ነው። ሦስት ወር ሳይሰበር ከቆየ ቤቱ ጤነኛ ነው፣ ግዢው ይጸድቃል። ሦስት ወሩ የሞላው ዛሬ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበውም ዛሬ፣ በዘጠኝ ሰዓት። ካልጸደቀ ማዋለጃው ለሌላ ሰፈር ይሰጣል።

አዋላጇ ቤቷን ለመሸጥ የወሰነችው ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት ልጅ በምጥ ተይዛ ወደ ሩቁ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ፣ እሷ ጭን ላይ ሞተች። ከቀብር ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ማመልከቻ ጻፈች። ደላላ እጥፍ የሚከፍል ነጋዴ አመጣላት፤ ደላላውንም ነጋዴውንም በር ዘጋችባቸው።

«እስኪ ተከተዪኝ» አለቻት መሐንዲሷን።

መኝታ ቤት ገባች። ከእህቷ ቤት ሦስት ቀን ከርማ የተመለሰችው ትናንት ማታ ነው፤ ደክሟት ግድግዳውን ቀና ብላም አላየችው። መሐንዲሷ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ይዘው ከባዱን ቁም ሣጥን ወደ ፊት ጎተቱት። አዋላጇ የግድግዳውን ኖራ በመዳፏ ዳበሰችው። አርባ ዓመት የሴቶችን ሆድ ዳብሳ ልጁ በየት በኩል እንደተኛ የምታውቅ እጅ ናት። ዳበሰች፣ ቆመች፣ እንደገና ዳበሰች። ከዚያ ከወጥ ቤት ማንኪያ አምጥታ መስታወቱ አጠገብ ያለውን ኖራ ትፍቀው ጀመር።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ነይ እዪ። ስንጥቁ የታለ?»

መሐንዲሷ ባትሪዋን አስጠጋች። ከኖራው ሥር ድፍን ሲሚንቶ ነው። ፀጉር የምታህል መስመር የለችም።

«ጤነኛ ግድግዳ እንዴት አድርጎ መስታወት ይሰብራል?» አለች አዋላጇ። ድምጿ ከፍ አለ። «በይ ለሽማግሌው ደውዪለት!»

ሽማግሌው መሐንዲስ ባለፈው ወር ጡረታ ወጥቷል። ስልኩን ሲያነሳ ዶሮዎቹን እያበላ ነበር። ጥያቄውን ሰምቶ ጨረሰና ሳቀ።

«እሱማ ምስክሬ ነው! ሁልጊዜ አንዱን ጤነኛ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የተሰነጠቀው ላይ ያሉት ብቻ ከተሰበሩ ግድግዳው ነው። ምስክሩም አብሮ ከተሰበረ ግን የሰው እጅ አለበት።»

«ታዲያ ፋይሉ ላይ ለምን አልጻፉትም?» አለች መሐንዲሷ ተናዳ።

«የኔ ልጅ፣ ቀድሞ የታወቀ ምስክርማ ይገዛል።»

አዋላጇ በደስታ አጨበጨበች። መሐንዲሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይበቃም። ሁለቱ በራሳቸው ተሰብረው፣ ሦስተኛውን እርስዎ ሰብረው ቢሆንስ ይላሉ። ግዢው እንዳይሰረዝብዎት ብለው። የሰበረው ሰው ካልተገኘ ጉባኤው አያምነንም።»

ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ነበር።

*

የሰፈሩ ፖሊስ ኢንስፔክተር በሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ። አዋላጇ ስትደውልለት ምሳውን ጥሎ ነው የተነሳው፤ እሷ ጠርታው የሚቀር ሰው በሰፈሩ የለም፣ ግማሹን ያዋለደችው እሷ ናትና። እሱን ያዋለደችው በእግሩ ነው። ለዚህ ነው መሰል ነገርን ሁሉ ከመጨረሻው የሚጀምረው።

«ደላላው ነው!» አለ ገና ከሞተሩ ሳይወርድ።

«የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች» አለችው። «መጀመሪያ ጠይቀው።»

ደላላው ከጥግ ካለው ሱቅ ተይዞ መጣ። ሦስቱም መስታወቶች መሰበራቸው ሲነገረው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳሎኑ መሃል ቆመ።

«ባለፈው ሳምንት 'ማዘጋጃ ቤቱ አይገዛትም፣ ታያላችሁ' ብለሃል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ብያለሁ። ንግድ ነው።»

«ከትናንት ወዲያ እዚህ በር ላይ ታይተሃል?»

«ታይቻለሁ! ለመጨረሻ ጊዜ ላግባባት ነበር። ጋሽ ፍሬን 'የለችም' ብሎ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። አፍንጫዬን ሊቆርጠኝ ነበር እኮ!»

ጋሽ ፍሬን የጓሮው ክፍል ተከራይ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ያልገጨ። ስሙ የወጣለት በየአሥር ሜትሩ ፍሬን ስለሚረግጥ ነው።

«ቁልፍ አለህ?»

«ቁልፍ ቢኖረኝ በር ላይ ቆሜ እለምናለሁ? እና ደግሞ ሦስተኛው መስታወት የት እንዳለ በምን አውቄ? ሁለቱን ከመስኮት አይቻቸዋለሁ። ሦስተኛ ስለመኖሩ አሁን ከእናንተ ነው የሰማሁት!»

ኢንስፔክተሩ «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» ብሎ ሊይዘው ሲል አዋላጇ ክንዱን ያዘችው። ደላላው ውሸታም ነው፣ ግን ያን የተናገረው ከልቡ ተናዶ ነበር። ሰውዬው ሂድ ተባለ።

ቀጥሎ የእህቷ ልጅ ተጠራ። ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ ዱቄት ከቅንድቡ የማይለቅ ወጣት ነው። የዳቦ ቤቱን መኪና አጥሩ ጥግ አቁሞ ገባ። እሱ ቁልፍ አለው። ሽያጩንም አልወደደውም፤ ያደገበት ቤት ነውና ወሩን ሙሉ ከአክስቱ ጋር አልተነጋገረም።

«እኔ?» አለ። «እኔን ነው ሌባ ያደረጋችሁት? አክስቴ፣ አንቺም?»

«ዝም ብለህ መልስ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሦስቱን ቀን የት ነበርክ?»

«ምድጃ ፊት! የሁለት ሰው ፈረቃ ነው የምሠራው፣ ጓደኛዬ ታሟል። አሠሪዬን ጠይቀው! ቤቱ እንዲሸጥ አልፈልግም፣ አዎ። ካልፈለግኩ ፊት ለፊት እናገራለሁ እንጂ እንደ አይጥ ግድግዳ አልቆረጥምም!»

በንዴት ወደ መኝታ ቤቱ ገባና ከግድግዳው ርቆ የቆመውን ቁም ሣጥን መልሶ ወደ ቦታው ገፋው። ሣጥኑ አንድ ጊዜ ጓ! ብሎ ተወላወለ። አዋላጇ ደነገጠች።

ትናንት ማታ ልብሷን ስታስቀምጥ ሣጥኑ አልተወላወለም ነበር።

ወለሉ ከሁለት ዓመት በፊት ሴራሚክ ከተነጠፈ ጀምሮ ሣጥኑ በቀኝ እግሩ ያነክሳል፤ ሥሩ የታጠፈ ካርቶን ካልገባ በስተቀር። ዛሬ ከመሐንዲሷ ጋር ሲጎትቱት ካርቶኑ ወድቋል። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የታጠፈ፣ ጠርዙ ገና ያልተረገጠ አዲስ ካርቶን ነው፤ የድሮው ተረግጦ የሳሳ ነበር።

«አንተ ልጅ» አለችው የእህቷን ልጅ። «የዚህ ሣጥን ቀኝ እግር ምን ሆኗል?»

«ምን ሆኗል?»

ከአራት ዓመት በፊት ነው ከዚህ ቤት የወጣው። አያውቅም። ትከሻውን ጨበጥ አድርጋ «ይቅርታ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ግራ ገባው። «ካርቶን ምን ይሠራልናል?»

«መስታወቱን የሰበረው ሰው ሣጥኑን ጎትቶ፣ ሰብሮ፣ መለሰ። መልሶ ደግሞ እንዳይወላወልብኝ አዲስ ካርቶን አጥፎ ሥሩ ወሸቀልኝ። ደላላ ቢሆን የኔ ሣጥን ቢወላወል ምን ጨነቀው?» ካርቶኑን መልሳ አጠፈችው። «ይህን ካርቶን የሚያጥፍልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደላላው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በወደደች።

*

ጋሽ ፍሬንን ጓሮ ባለው ክፍሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጫማውን አስሮ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ መነሳት የደረሰበት ተሳፋሪ ይመስል ነበር።

«ካርቶኑን ለምን መለስከው?» አለችው አዋላጇ በር ላይ ቆማ።

ሌላ ጥያቄ ቢሆን ይክድ ነበር። ይሄኛውን ግን አልቻለም።

«ሣጥኑ ሲንቋቋ እንቅልፍ አይወስድሽም እኮ፣ እትዬ።»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን አወጣ። «ሰብረሃል?»

«ሰብሬያለሁ።»

«ሦስተኛውን በምን አወቅከው?»

«ሽማግሌው ሲለጥፍ ሣጥኑን የገፋሁለት እኔ ነኝ። እትዬ ስትሄድ ቁልፉን የምትሰጠውም ለእኔ ነው።»

«ደላላው ከፍሎሃል?»

ጋሽ ፍሬን እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ለሱ በሩን ስዘጋበት አፍንጫው ቢቆረጥ ደስ ይለኝ ነበር!» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖርኩ። ለማዋለጃው አሰብሽ። ለእህትሽ አሰብሽ። ድመቷን ማን እንደሚወስዳት እንኳ ሰው ጠየቅሽ። 'አንተስ ወዴት ትሄዳለህ?' ያለኝ ግን የለም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ማን ያከራየኛል?»

አዋላጇ ልትጮህበት ነበር። እውነቱን ነው። ያልጠየቀችው ሰው እሱ ብቻ ነው። እፍረትም ንዴትም እኩል ያዛት።

«ያቺ ልጅ መኪና ውስጥ ስትሞት አብረኸኝ አላለቀስክም?»

«አልቅሻለሁ።»

«ታዲያ?!»

«ለራሱ የፈራ ሰው የሌላውን ለቅሶ ይረሳል፣ እትዬ። ረሳሁ። ስሰብረው ትዝ አለኝ፣ ግን ሰብሬ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ስምንት ተኩል አልፏል። «ቃሉን ልጻፍና...»

«ምን መጻፍ! ራሱ ሄዶ ይናገር! ተነሱ!»

ሁሉም ወደ ዳቦ ቤቱ መኪና ሮጡ። የእህቷ ልጅ ሞተሩን አስነሳ፣ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ፣ ቆመ። መንገዱ እስከ አደባባዩ ድረስ መኪና በመኪና ነው። ጥሩምባው ሁሉ ይጮሃል። መሐንዲሷ ፋይሏን ደረቷ ላይ አጣብቃ «አለቀልን» አለች።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለ ጋሽ ፍሬን ከኋላ።

«ተጠርጣሪ ነው!» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ተጠርጣሪም ቢሆን ሾፌር ነው» አለች አዋላጇ። «ስጠው!»

ጋሽ ፍሬን መሪውን ያዘ። ወደ ኋላ ተመልሶ በጋራዦቹ መሃል ገባ፣ በእንጨት ቤቱ ጓሮ ወጣ፣ መኪና ያልፋል ተብሎ በማይታሰብ ቅያስ ጎኑ ከግድግዳ እየታከከ አለፈ። የዳቦ ሣጥኖቹ ኋላ ይደለቃሉ። ኢንስፔክተሩ ጣሪያውን በሁለት እጁ ያዘ። የእህቷ ልጅ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ይስቃል። ሠላሳ ዓመት ፍሬን ሲረግጥ የኖረው ሰው በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ረገጠ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ።

ሰብሳቢዋ አጀንዳውን ልትዘጋ መዶሻዋን አንስታ ነበር። መሐንዲሷ በሩን በትከሻዋ ከፍታ «ይጠብቁ!» ስትል አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ስለ ጤነኛው ግድግዳ ተንፍሳ ሳትጨርስ አስረዳች። ከዚያ ጋሽ ፍሬን ኮፍያውን አውልቆ ወደ ፊት ወጣ።

«መስታወቶቹን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱንም በእጄ፣ በማንኪያ ጀርባ። ግድግዳው አንድም ጥፋት የለበትም።»

«ለምን?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ቤት የለኝም።»

ሰብሳቢዋ መሐንዲሷን አየች፣ አዋላጇን አየች፣ ከዚያ ግዢውን የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀች። አዋላጇ ልትቆጥር ሞከረች፤ እንባው አላስቆጠራትም። የእህቷ ልጅ ግን ጆሮዋ ሥር ጮኸባት።

«ሁሉም! አክስቴ፣ ሁሉም እጃቸውን አውጥተዋል!»

ፈረመች። ከመቸኮሏ የተነሳ ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰለ፤ ጸሐፊው ሁለተኛ አስፈረማት።

ኮሪደሩ ላይ ኢንስፔክተሩ ጠበቃት። «መስታወቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ እነሱ ዋጋውን ይክፈል ብለው ትተውታል። የርስዎ ክስ ነው የቀረው። ይከሱታል?»

ጋሽ ፍሬን ከግድግዳው ተለጥፎ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ቆሟል። አዋላጇ ፊቱ ሄዳ ቆመች። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«እህቴ ግቢ የያዝኩት ሁለት ክፍል ነው» አለችው። «አንዱ ጠባብ ነው፣ ፀሐይም አይገባው። ነገ ዕቃህን ጭነህ ትመጣለህ።»

«እትዬ...»

«ዝም በል! ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ገና ብዙ እቆጣሃለሁ። እየተመላለስኩ የምቆጣበት ጉልበት ግን የለኝም፤ ቅርብ ሁንልኝ።»