ሦስት ደቂቃ በአምስት ሜትር ላይ

ይኼ የምነግራችሁ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ እውነት ነው። ቅንጣት ብጨምርበት ምላሴ እንደ አሮጌ ቀበቶ ይድረቅ። ባሕር በሌለበት ደጋ፣ ቡራዩ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ጎረምሳ የባሕር ጠላቂዎች እጃቸው ላይ የሚያስሩትን ኮምፒውተር ሊገዛ ሰዓት ቤት ገባ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ሰዓት ቤቱ ውስጥ የነበረችውም ልጅ ስቃለች።

ልጅቷ ሬሐና ትባላለች። አባቷ ኦቦ ከድሩ ሰዓት ይሸጣሉ፣ እሷ ትጠግናለች። ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ብሎን በወረንጦ አንስታ፣ ከደንበኛ ጋር እያወራች ቦታዋ ታስገባለች።

ጊዜው 2008፣ ታኅሣሥ። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ከሚኒባስ እስከ ወፍጮ ቤት ከሰው አፍ የማይጠፋበት፣ መንገዱ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት በድንጋይና በሚነድ ጎማ የሚዘጋበት ወር። ሱቆች መዝጊያቸውን እስከ ወገብ ብቻ ያነሱ ነበር፤ ጩኸት ሲነሳ ቶሎ ለመዝጋት። ስለዚህ ጎረምሳው፣ ፈሀድ ይባላል፣ የገባው ጎንበስ ብሎ ነው።

«አካም ጅርቱ» አለ፤ ቀና ሲል አንዲት ልጅ ብቻ በማየቱ ደንገጥ ብሎ። «ከሰበታ ነው የመጣሁት። ከውሃ ውስጥ መቼ እንደምወጣ የሚነግረኝ ነገር ፈልጌ ነበር።»

ሬሐና አጉሊ መነጽሯን ከዓይኗ አወረደች።

«ሲበርድህ ውጣ» አለችው።

እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ቆሞ ጠበቃት። ሳቋ ሲያልቅ ነገሩን አስረዳት። ጅቡቲ ሄዶ አየር ተሸክሞ መጥለቅ ተምሯል፤ የግድብ በሮችን የሚጠግን አንድ ድርጅት ቀጥሮታል፤ ከከተማው በላይ ያለው ግድብ የብረት በር ከሥር መታየት አለበት። ያስተማረው ፈረንጅ ለዚሁ ሥራ አብሮት መጥቶ ነበር፤ ረብሻው ሲበረታ ግን እቃውን ሸክፎ በረረ። የእጅ ኮምፒውተሩንም ይዞ። «ያለ እሱ ውሃ ከገባህ ተማሪዬ አይደለህም» ብሎት ነው የሄደው።

«ያን ያህል ምን ያደርግልሃል?»

«ስንት ሜትር እንዳለሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረኝ፣ እንዴት ቀስ ብዬ እንደምወጣ ይነግረኛል።»

«ፈጥነህ ብትወጣስ?»

«አምቦ ውሃ ድንገት ሲከፈት አይተሻል? እንደዚያ ደሜ ውስጥ አረፋ ይነሳል።»

ሬሐና እጁን አየች፤ ሰዓት የሌለበት፣ ቀጭን፣ ሥሩ የሚታይ እጅ። መነጽሯን መልሳ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ የምትጠግነው ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

የአክስቷ ልጅ አህመድ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ደወለችለት። «ሁለት አይነት አገኛለሁ፤ አንዱን ምረጡና ሌላውን መልሱልኝ» አላት። እቃው የሚመጣው ሐሙስ በሚገባ የጭነት መኪና ነው። ፈሀድ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሆኖም ሰኞም «ደረሰ እንዴ?» እያለ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ረቡዕም ይገባል። አንድ ቀን መኪና ስላልነበረ ከአየር ጤና በእግሩ መጣ፤ ጫማው አቧራ ለብሶ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው?» አለችው።

«ማክሰኞ ነው።»

«ታዲያ?»

«ማክሰኞ መሆኑን ላረጋግጥ ነው። እናንተ ጋ የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት አለ አይደል?»

ኦቦ ከድሩ ከጓዳ አስነጠሱ። ጉንፋን ግን አልነበረባቸውም።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች ደረሱ። አንዱ ባለ ቀለም ነው፤ ሲነኩት እንደ ስልክ ይበራል፣ ሰማያዊና ቢጫ ይጫወታል። ሌላው ወፍራም ጥቁር፣ ቁጥሩ ትልልቅ፣ የጎማ ማሰሪያው የበሬ ቀንበር የሚያህል። የፈሀድ ዓይን ባለ ቀለሙ ላይ ቀረ።

«ቆንጆ ነው» አለ።

«ቆንጆ ነው» አለች ሬሐና፤ «የሚሞላው በራሱ ገመድ ብቻ ነው። እዚህ መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ ምን ልታደርግ ነው? ይኼኛው ግን እኔ የምሸጠውን ክብ የሰዓት ባትሪ ነው የሚበላው።»

«አንቺ ስለምትሸጪው ነው እንዴ የምገዛው?»

«ባትሪ ባለቀብህ ቁጥር እዚህ ትመጣለህ» አለች፤ ከአፏ ካመለጠ በኋላ አንገቷን ደፋች።

ኢንተርኔት እንደጠፋ ስለነበር የተጠቀመበትን ሰው ምስክርነት ማንበብ አይቻልም፤ ያለው ከእቃው ጋር የመጣው መመሪያ ብቻ ነው። ሬሐና መዝገበ ቃላት ይዛ ሁለት ቀን ፈተሸችው። ባለ ቀለሙ መመሪያ ላይ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ ባለ ከፍታ አትጥለቁበት ይላል። ጥቁሩ ግን ትንንሽ የተራራ ሥዕሎች አሉት፤ ቦታው ከፍ ባለና አየሩ በሳሳ ቁጥር አንድ ተራራ ይጨመርለታል። ባሕር ዳርቻ የተማረው ፈሀድ ይህን ሰምቶም አያውቅም።

«ግድቡ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?» አለችው።

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ።»

ባለ ቀለሙን ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

ኦቦ ከድሩ ግን የራሳቸው ፈተና አላቸው። ውሃ አይገባውም የተባለ ሰዓት ሁሉ ደንበኛው ፊት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጥቁሩን ነከሩት። ዜሮ አለ። ጠበቁ። ዜሮ።

«ይኼማ ሞቷል» አሉ።

«አባዬ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ካልገባ ሥራ አይጀምርም።»

ከሱቁ ጀርባ የጉድጓድ ውሃ አለ። በገመድ አስረው ወደ ታች ሰደዱት። ሬሐናና ፈሀድ አንድ ገመድ ላይ አራት እጅ ሆኑ። ሲስቡት ግን ልጁ ልቡ ሌላ ቦታ ነበርና ፈጠነ፤ ኮምፒውተሩ ከጉድጓዱ ሆድ «ቲው ቲው ቲው» እያለ ይጮህ ጀመር።

በዚያ ወር እንዲህ ያለ ድምፅ ቀልድ አይደለም። አጥሩ ላይ ወዲያው አሥር ራስ በቀለ። ጎረቤታቸው ተስፋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ከድሩ፣ ምን ቀበራችሁ? ልጆች አሉን እኮ» አለች።

«ቀስ በል ነው የሚለኝ እትዬ» አለ ፈሀድ።

«እኛንም እንዲህ የሚለን በተገኘ» አለች ተስፋነሽ፤ አጥሩን ግን አልለቀቀችም።

ስክሪኑ ላይ አራት ሜትር ከሃያ ይላል። ኦቦ ከድሩ አነበቡት። «ጉድጓዱን የቆፈረው ሰውዬ ስድስት ሜትር ውሃ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን አመኑት።

ረቡዕ ምሳ ላይ፣ ሩቅ ያልሆነ የተኩስ ድምፅ ከተሰማ በኋላ፣ አባት ለልጃቸው ነገሯት።

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ኢሱዙ ይመጣል። ወራቤ እንገባለን። አጎትሽ ቤት አዘጋጅቷል።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሰዓቶች አዙረው፣ «ሰውም አይቶልሻል» አሉ።

በማግስቱ ለፈሀድ ስትነግረው መሬት መሬት አየ። ጎማ የሚሸት ንፋስ በመዝጊያው ሥር ገባ።

«ቅዳሜ ጠዋት ውሃ እገባለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌዎቹ ከሰበታ አራት ሰዓት ላይ እዚህ ይደርሳሉ።»

«የማን ሽማግሌዎች?»

«የእኔ።»

ሬሐና የኮምፒውተሩን ባትሪ ቀየረች፤ የክዳኑን ጎማ ቅባት ቀብታ ዘጋችው፤ ተራራዎቹን አንድ በአንድ ጨመረች። ከዚያ እጁን ሳበችና አሰረችለት። መጀመሪያ የነካችው ያኔ ነው።

«ከመውጣትህ በፊት አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁም ይላል መመሪያው። ማን ቢጠራህ እሷን እንዳትዘል።»

«አንቺ ብትጠሪኝስ?»

«እኔም ብጠራህ።»

ቅዳሜ መጣች። አራት ሰዓት ሆነ፤ ሽማግሌ የለም። የሰበታ መንገድ ተዘግቷል፣ ስልክ አይሠራም። ከግድቡ በኩል ጭስ ይታያል፤ አንዴ ተኩስ፣ አንዴ ዝምታ። አምስት ሰዓት ላይ የግድቡ ሠራተኞች ፒካፕ ቁልቁል እየበረረ መጣ። ሬሐና መሀል መንገድ ገብታ አስቆመችው። ነጂው ፎርማኑ አለሙ ነው።

«ፈሀድስ?»

«ገመዱን ሳብን፣ ሳብን። አልወጣም።» ዓይኗን ማየት አልቻለም። «እህቴ፣ ያሉት ሁሉ ሮጡ» ብሎ ነዳው።

ስድስት ሰዓት። የመስታወት ሳጥኖቹ ኢሱዙው ላይ ተጭነዋል። ግድግዳው ላይ የቀሩት አሮጌ ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይላሉ።

«ሬሁ፣ ውጪ» አሉ አባቷ።

«ሦስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ።»

ኦቦ ከድሩ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

በሁለተኛው ደቂቃ ይሁን በሦስተኛው፣ ከላይ በኩል፣ ድንጋይ በተበተነበት አስፋልት ላይ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ላስቲክ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ታየ። በብብቱ ሁለት የመዋኛ ጫማ ይዟል፤ የዳክዬ እግር የሚመስል። ከጎኑ አንድ ሽማግሌ በዱላ ይራመዳሉ። ይህን ያዩት ኦቦ ከድሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሬሐና አልሮጠችም።  እንደቆመች ጣቶቹን፣ ክንዱን፣ አፉን እያየች ሙሉ መሆኑን ቆጠረች።

ሽማግሌው የግድቡ ጥበቃ ኦቦ ሀሰኖ ናቸው። ሰላምታ ሰጡና ዱላቸውን ተከሉ።

«ከድሩ፣ ተኩሱ ሲነሳ ሁሉም ሮጠ። እኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ገመዱን ይዤ ቀረሁ። ውጣ ነው ብዬ አራት ጊዜ ሳብኩ። ልጁ መልሶ አንዴ ሳበኝ፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ደግሜ ሳብኩ። አሁንም አንዴ። እብድ ነው አልኩ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ብቅ አለ። ልብሱ ፒካፑ ላይ ሄዷል። መንገድ የዘጉት ልጆች ይኼ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ ነው አልኳቸው። ልጄ ካልኩ አይቀር ሽማግሌውም እኔ ነኝ። ልጅህን ለልጄ።»

ኦቦ ከድሩ የፈሀድን እጅ ያዙ። ኮምፒውተሩን ፈተው ለሬሐና አቀበሏት። «አንብቢ።»

ቁልፉን ተጫነች። «አሥራ አንድ ሜትር። ሃያ ስድስት ደቂቃ።» ቁልፉን ደግማ ተጫነች። «አምስት ሜትር ላይ… ሦስት ደቂቃ።»

«ከላይ እየተጠራህ ለምን ቆምክ?» አሉት።

«ልጅዎ አትዝለል ስላለችኝ።»

 ኦቦ ከድሩ ኢሱዙውን አዩ፣ ጭሱን አዩ።

«እኔ ዛሬ እሄዳለሁ፤ እሷንም እዚህ እሳት ውስጥ አልተዋትም» አሉ። «ለወንድሜ ግን ያየኸው ሰው ይቅር እለዋለሁ። ሦስት ደቂቃ መቆም ከቻልክ ሦስት ወር ቁም። መንገዱ ሲከፈት ወራቤ ና።»

ሬሐና ኮምፒውተሩን መልሳ እጁ ላይ አሰረችው፤ በዝግታ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። «ባትሪው እስከዚያ ይበቃሃል» አለችው። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ዞራ አየችው፤ ባዶ ሱቅ በራፍ ላይ፣ ጥቁር ላስቲክ ለብሶ፣ ያሰረችለትን እጁን በሌላው እጁ ይዞ ቆሟል።

መጋቢት ላይ ወራቤ ሄደ፤ ኒካው ታሰረ። ቡራዩ ያለው ሱቅ ግን ሰዓት ቤት ሆኖ አልተከፈተም።

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው። ምላሴ እንዳይደርቅ አንዷን ውሸት ላውጣ፤ ላስቲኩም፣ የዳክዬ እግሩም፣ ሦስቱ ደቂቃም እውነት ናቸው። ኦቦ ከድሩ ሳቁ ያልኳችሁ ግን የእኔ ፈጠራ ነው። አልሳቁም። ያን ቀን ቡራዩ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።