የሙሽራው ቅቤ

«ፋይሉን ሌላ ቦታ ሳትገለብጪ ነው የነካሽው?»

«አልነካሁትም። አፕዴት ነው ያደረግሁት።»

«ይኸው ጥቁር ሆኗል! ሳትነኪው እንዲህ ከሆነ ብትነኪው ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?»

«ሌላ ሃርድ ዲስክ እንግዛ ብዬህ ነበር። ሦስት ጊዜ።»

«ሊኑክስ ሊኑክስ ስትይኝ ከረምሽ። በነጻ የመጣ ነገር በነጻ ይሄዳል። ይኸው ሄደ!»

ይህን ስንባባል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ቆቦ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው ፎቶ ቤታችን ውስጥ።

ሰዓቱን የማልረሳው መብራት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ስምንት ሰዓት ላይ ስለመጣ ነው። ይህን ያዙልኝ። በኋላ ያስፈልጋል።

የምጽፈው የሆነውን ነው። ከራሴ የጨመርኩት አራት ነጥቡን ብቻ ነው። ምግብ ላይ ያላችሁ ግን... መጀመሪያ ጨርሱ።

ሰልዋ እባላለሁ። ካሜራው የባልደረባዬ የደምሴ ድርሻ ነው፣ ኮምፒውተሩ የኔ። አምስት ዓመት አብረን ሰርግ ቀርጸናል፤ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም። ደምሴ ሲቆጣም የሚያስቅ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ሁለታችንም የምንስቅበት ጉልበት አልነበረንም።

ምክንያቱም ያ ኮምፒውተር ውስጥ የሙህዲን ሰርግ ነበረ።

ሙህዲን የአጎራባቿ ከተማ የጎብዬ ልጅ ነው። የካቲት ላይ አገባ። ሚያዝያ ላይ ሞተ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር አሉ። የዘነበው ደጋው ላይ ነው። የጎሊናን ወንዝ በደረቁ ሊሻገር ገብቶ አሸዋው መሐል ሲደርስ ደራሽ ውሃ መጣ። በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ከደለል ውስጥ አወጡት። ፊቱን ለእናቱ አላሳዩአቸውም። የሚታይ አልነበረም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። መታወቂያውም። የካሜራችንን ካርድ ደምሴ ለሌላ ሰርግ አጥፍቶታል። እንግዲህ የሙህዲን ፊት በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ጀርባ።

እናቱ እማማ ውዱ አስር ሰዓት ላይ ሊመጡ ነው። በማግስቱ አርባው ነበር።

«አርባው ሳይወጣ ፊቱን አንዴ አሳዩኝ። ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም» ብለውን ነበር።

ሰኞ ዕለትም መጥተው ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት ትንሽ ቅል በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

በእሳቸው ቤት በሰርጉ ጧት እናት በገዛ እጇ የሙሽራውን ራስ በለጋ ቅቤ ትቀባለች። የተረፈው አይበላም። ቅል ውስጥ ተደፍኖ ለበኩር ልጁ ጸጉር ይቀመጣል።

በኩሩ ሳይመጣ አባትየው ሄደ።

«ቤቴ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። «ልጥለውም አልቻልኩ። እስከ አርባው አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ። አደራ ልጄ፣ ሌላ ራስ እንዳይነካው። የሙሽራ ነው።»

«አብሽሩ እማማ» አልኳቸው።

ድመት እንዳይደርስበት ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጥኩት።

ለደምሴ አልነገርኩትም። በሃርድ ዲስኩ ነገር ተኳርፈን ነበር። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቃል አልተለዋወጥንም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር... አንድ ብቻ።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ጠዋት አፕዴቱን አስጀመርኩት፣ አለቀ። ሳላጠፋው መብራት ሄደ። ወደ ቤት ሄጄ ሰገድኩ፣ ምሳ በላሁ። ደምሴ ሱቁ ውስጥ ቀረ። መብራቱ ሲመጣ ስከፍተው ጥቁር። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ደንግጬ ማውሱን ያዝኩት።

አዳለጠኝ።

ቅባት ነበር። ኪቦርዱም እንደዚያው። በፊደሎቹ መካከል ቢጫ ነገር ገብቶ ረግቷል። አንዲት ዝንብ «ጠ» ላይ ተጣብቃ እግሯን ታወራጫለች።

ሽታው ያኔ ነው የመጣብኝ። የከረመ ቅቤ። ከስሩ ደግሞ ሌላ... የጭቃ፣ የቆመ ውሃ ሽታ።

ዞር አልኩ።

ደምሴ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ራሱ ያብረቀርቃል። እንደምታውቁት ቆቦ በግንቦት እሳት ናት፤ ቅቤው ቀልጦ በጆሮው ስር፣ በአንገቱ፣ በማተቡ ላይ ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ አጨማልቆታል።

«ምንድን ነው የተቀባኸው?»

«ራሴን ሲወቅረኝ ነበር። ያ ቅል ውስጥ ቅቤ አገኘሁ። አንቺ ያመጣሽው መስሎኝ...» ሳቅ አለ። «ምነው? ጸጉር የለህም፣ ለምኑ ነው ልትዪኝ ነው?»

ነገርኩት። የማን እንደሆነ። ሌላ ራስ እንዳይነካው መባሉን።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ዓይኑ ግን መሳቁን ተወ።

«ታጠበው» አልኩት በሹክሹክታ።

«ታጥቤዋለሁ» አለኝ እሱም በሹክሹክታ። «ሁለቴ... በሳሙና። አይለቅም።»

ወደማውቀው ሥራ ዞርኩ።

ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ስዕሉ ቢሞት ጽሑፉ አይሞትም። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ትጫናላችሁ፣ የጽሑፍ መግቢያ ይከፈታል። ስሜንና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ተከፈተ። እፎይ አልኩ።

የችግሩ ምክንያት ወዲያው ተገኘ። ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል። አፕዴቱ የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ ግማሹን ብቻ ጽፎ ቀርቷል። የተለመደ ነገር ነው።

ምኑ እንደሞላው ፈለግሁ።

የሙህዲን ሰርግ ነው። ሰኞ ዘጠኝ ጊጋ የነበረው ፋይል ዘጠና ሆኗል።

የፋይሉ ባለቤት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ስሜ የለም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እንዲህ የሚሆነው ተጠቃሚው ከሲስተሙ ላይ ሲጠፋ ነው። እኛ ማንንም አጥፍተን አናውቅም።

ማን መቼ እንደገባ የሚመዘገብበትን ሎግ ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚመዘግበው። ወደ እኛ ቀየርኩት።

ሰባት ሰዓት ከአስር። ያ ቁጥር ገብቷል። ፋይሉን ከፍቷል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥቷል።

መብራት ያልነበረበት ሰዓት ነው።

«ደምሴ... ሰባት ሰዓት ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር። እዚሁ አግዳሚው ላይ።»

«ማንም አልገባም?»

ቀስ ብሎ፣

«ውሃ ነበር የማየው... በህልሜ» አለ። «ወፍራም ውሃ።»

በዚህ መሐል የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጮኸ። ጩኸቱ የብረት አይመስልም፤ ጉሮሮው የታነቀ ሰው ይመስላል። አጠፋሁት። ገመዱን ነቅዬ ጎኑን በብሎን መፍቻ ከፈትኩ።

ሽታው ፊቴን መታኝ።

ቅቤው ታች ረግቶ ነበር፤ ቢጫ ሳይሆን ቡናማ። ከስሩ ጣት የሚያህል ደለል ተኝቷል፣ ግራጫ፣ እርጥብ። ማራገቢያው ላይ ጸጉር ተጠምጥሟል። ረጅም፣ የተጠቀለለ፣ የጎረምሳ ጎፈሬ። ደምሴ ደግሞ መላጣ ነው።

ጸጉሩን በጣቴ ሳብኩት። አላልቅ አለ። ስስበው ይመጣል፣ ስስበው ይመጣል... መጨረሻው ላይ ለስለስ ያለ ነገር ተከትሎት መጣና እጄ ላይ ተንቀሳቀሰ። ነጭ ትል።

ወጥቼ ደጅ ላይ አስመለሰኝ። ምሳዬ ሁሉ ወጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «አብሽሪ እህቴ፣ ሙቀቱ ነው» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ስመለስ ቅሉን አነሳሁት። ቅቤው ከእሱ ቀልጦ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚል ተስፋ ነበረኝ። ውታፉን ነቀልኩ።

ሙሉ ነው። እስከ አፉ። ላዩ ልስልስ ያለ፣ የጣት ምልክት እንኳ የለበትም።

«ከዚህ አይደለም የወሰድክ?»

አንዲት ዝንብ በደምሴ ዓይን ጥግ ላይ ትሄዳለች፤ እሽ አይላትም። ቅባት የነካውን ጣቱን ወደ አፉ ወስዶ ላሰው። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ።

ረቡዕ ነበር፤ በዓለ ሃምሳም አልፏል። ደምሴ ረቡዕን ሳይጾም አይቼው አላውቅም።

«ተው...» አልኩት።

ትቼው ልሮጥ እችል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስቤው ነበር። ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እማማ ውዱ መንገድ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ጠረግሁ። አፍንጫዬን በሻሼ አስሬ፣ በላስቲክ ከረጢት እየዛቅሁ፣ በአልኮል እየወለወልኩ። ገመዱን ሰካሁ። የድሮ አፕዴቶችን ቆሻሻ አጥፍቼ ቦታ ለቀቅሁ። በግማሽ የቀረውን አስጨረስኩት። የፋይሉን ባለቤትነት ከዚያ ቁጥር ነጥቄ ወደ ራሴ አዞርኩ። ሲከፈት ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን ሲስተም መረጥኩ።

ስክሪኑ በራ። የምናውቀው ሰማያዊ ገጽ መጣ።

አለቀስኩ። ለአንድ ደቂቃ ያህል የሰው ሕይወት የመለስኩ መሰለኝ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

እማማ ውዱ በሩ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ለብሰዋል። አቧራ የጠጡ እግሮቻቸውን ደፉ ላይ ጠረጉ።

«ወአለይኩም አሰላም፣ ይግቡ እማማ።»

ሱቁን አዩ። አግዳሚውን አዩ። ደምሴን... አዩት ልበል?

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

ደምሴ ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል።

ቀና ብሎም አላያቸውም።

ቅሉን ሰጠኋቸው። ከፍተው አዩና በእጃቸው መዘኑት።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንዳለ ነው። አደራ የማትበላ ልጅ ነሽ።»

አንገቴን ደፋሁ። ወንበር ሳብኩላቸው፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አግዳሚው ከኋላችን ቀረ። ፋይሉን ከፈትኩት።

ዳሱ ታየ። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ቀለሙም ጥሩ ነው። ወንበሩ መሐል ላይ ነው፣ በጋቢ የተሸፈነው የሙሽራ ወንበር።

ባዶ ነው።

ይህን ቪዲዮ አውቀዋለሁ፤ ግማሹን በእጄ ቆርጬዋለሁ። ሙህዲን እዚያ ነበር። ይስቅ ነበር። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነበር።

አሁን የእናትየው እጆች ከግራ በኩል መጡ። ከቅሉ ቅቤ ዛቁ። የሰው ራስ በሚሆንበት ቁመት ላይ አየሩን መቀባት ጀመሩ። ቅቤው አልወደቀም። እዚያው ቀረ... ክብ ሆኖ።

«ይኸው» አሉ እማማ ውዱ። እንባቸው ይወርዳል። «ይኸው ልጄ። ይኸው ፊቱ። እንዴት ያምራል...»

አንዳች ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ አየሁት።

የስክሪኑ መስታወት ከኋላችን ያለውን ያሳያል። የደምሴ ምስል ልክ የሙሽራው ወንበር ላይ ወድቋል። የሚያብረቀርቀው ራሱ ልክ ከእናትየው እጆች ስር ነው። እጆቹ ያሹታል። ጣቶቹ ሲጫኑ ራሱ ጎንበስ ይላል፣ ሲለቁት ቀና ይላል።

ከኋላዬ አግዳሚው ሲጢጥ አለ።

አልዞርኩም። ባዶ እግር ሲሚንቶው ላይ ሲራመድ ሰማሁ። እርጥብ እግር። የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። እርምጃው ወደ አስፋልቱ አልሄደም፤ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ በኩል ነው የዞረው።

ስክሪኑ ላይ ያለው የደምሴ ራስ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«አንዴ ድገሚልኝ፣ ሆዴ» አሉ እማማ ውዱ።

ማውሱ አዳለጠኝ። እንደምንም ደገምኩላቸው።

ዞር ስል አግዳሚው ባዶ ነው፤ የደምሴ ጫማ ስሩ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ተቀምጧል።