የሆራ ክኒኖች

የሟቹ የሆራ ሚስት ዘርፉ፣ «ክኒኑን በእጄ ነው ያስዋጥኩት፤ አንድ ቀን አልዘለለም» አለች። ውሽማው ቡዜ ደግሞ፣ «በሞተበት ምሽት ደረቱ ላይ ተኝቼ ሰምቻለሁ፤ ልቡ ከበሮ ነበር። መድኃኒቱን ከዋጠማ እንዲህ አይመታም» አለች።

የጭነት መኪና ሾፌሩ ሆራ ሚስቱን አዳማ፣ ውሽማውን ሻሸመኔ አስቀምጦ ሲመላለስ ኖሮ፣ ሻሸመኔ በገባበት ምሽት ልቡ ቀጥ አለ። ዘርፉ «አንዳች ነገር አብልታ ገደለችው» ብላ ስለከሰሰች፣ ቡዜ አዳማ ታስራለች። በዚያ የአብዮት ዘመን ደግሞ የታሰረ ሁሉ በሕይወት አይመለስም።

መርማሪው መቶ አለቃ ፈይሳ አዳማ ላይ ሟቹን ሲያክም ወደነበረው ድሬሰር ጉተማ ክሊኒክ ሄደ።

«በቅርቡ ሻሸመኔ ሲመረመር ደም ብዛቱ 190 ሆኖ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘለት» አለ ጉተማ ካርዱን እያየ። «ክኒኑ የልብን ሩጫ ገትቶ ግፊቱን ያወርዳል። መኪናው እዚህ የተበላሸ ዕለት ስለካው ግፊቱ 140፣ የልብ ምቱ 58። መኪናው እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ሲመጣ ግን ግፊቱ 200፣ ምቱ 112! አትንዳ ብለው እምቢ ብሎኝ ሄደ።»

«ክኒኑን ድንገት ቢያቋርጥስ?»

«ልብ ገመድ እንደበጠሰ ወይፈን ይሆናል፤ ሮጦ ሮጦ ቀጥ ሊልም ይችላል።»

«ክኒኑ ሌላስ ጠባይ አለው?»

ጉተማ ድምፁን ቀነሰ። «አንዳንዱን ወንድ... አልጋ ላይ ያቀዘቅዘዋል።»

ፈይሳ ከሟቹ ኪስ ከተገኘው ብልቃጥ አንዷን ክኒን በምላሱ ነካ፤ ጎመዘዘችው። ጉተማ ከመደርደሪያው ያወረደለት ፕሮፕራኖሎል ግን መራራ ነበር።

«የኪሱ አስፕሪን ነው» አለ ፈይሳ።

ከሰዓት በኋላ ዘርፉን፣ ቡዜንና ጉተማን ጣቢያ ሰበሰበ።

«ክኒኑ ተለውጧል። መቼ? ምቱ 58 ከነበረበት ቀን በኋላ፣ 112 ከመሆኑ በፊት። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ቡዜ አላየችውም። ወይዘሮ ዘርፉ፣ በእጅዎ ማስዋጥዎ እውነት ነው፤ ያስዋጡት ግን አስፕሪን ነው። ለመግደል ቢሆን ማስረጃውን ብልቃጥ ኪሱ ውስጥ አይተዉትም ነበር። ምን አስበው ነው?»

ዘርፉ እንባዋን ዋጠች። «ከሻሸመኔ ክኒን ይዞ ከመጣ ወዲህ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚተኛው። የዚች መስተፋቅር መስሎኝ ነው የለወጥኩት!»

ቡዜ በለቅሶ መሃል ሳቀች። «አይ እቴ! እኔስ ጋ ያው አልነበር? አንቺ አስደርገሽበት መስሎኝ ስንት ጠበል አጠጣሁት!»

«አለቆቼ» አለ ፈይሳ ለዘርፉ በዝግታ፣ «ካርድ ላይ ባለ ቁጥር ብቻ ቡዜን አይፈቱልኝም። ቃልዎን ይፈርማሉ? ከፈረሙ ግን በሷ ፈንታ እርስዎ እስር ቤት ይገባሉ።»

ዘርፉ ቡዜን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«እፈርማለሁ፤ ፍቷት» አለች። «የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግን በሩ ሥር ነው የምትቀመጠው!»